ከጊፋታ ማግሥት በአንድ ቀን እናስታቅፍ

ለወላይታ ዶሮ አርቢዎች፣ ለእድሮችና ለወጣቶች የቀረበ ጥሪ

እናቶች፣ እህቶች፣ የእድር ዳኞች፣ በየቀበሌው ያላችሁ ወጣቶች!

የምንጠራችሁ ለጫጩት ነው። ጉዳዩ ትንሽ የሚመስለው ሰው ካለ ሶዶ፣ ቦዲቲ ወይም አረካ ገበያ ወርዶ ዶሮ በብብታቸው ይዘው የቆሙትን እናቶች ይመልከት። አንዷ ዶሮ የልጅ ደብተር ናት። ሌላዋ ጨውና ዘይት ናት። ሌላዋ ለታመመ ሕፃን የካርድ ማውጫ ናት። በሬና ላም የሚሸጡት በቤተሰብ ምክር ነው፤ የዶሮና የእንቁላል ገንዘብ ግን በአብዛኛው እናት እጅ ገብቶ ለጓዳ ይውላል። መሬት በጠበበበት፣ ብዙው አባወራ ከግማሽ ሄክታር ባነሰ ማሳ ላይ እንሰቱን፣ ቡናውን፣ ጎዳሬውንና ስኳር ድንቹን አጠጋግቶ በሚያለማበት በወላይታ፣ ተጨማሪ መሬት ሳይጠይቅ የሚረባ ሀብት ቢኖር ዶሮ ነው።

ይህ ሀብት ከእጃችን የሚያመልጠው ገና በጫጩትነቱ ነው። በኢትዮጵያ የገጠር ዶሮ እርባታ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ በባህላዊ አያያዝ ከሚፈለፈሉ 10 ጫጩቶች ከ4 እስከ 6 የሚሆኑት ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። እናት ዶሮ 21 ቀን ሙሉ ከስታና ተጎሳቁላ ካስፈለፈለችው ግማሹ ለጭልፊት፣ ለሸለምጥማጥ፣ ለብርድና ለፈንግል ይገበራል። እኛም «ዘንድሮ ጫጩት አልበረከተልኝም» ብለን እንተወዋለን። ዕድል አድርገን የተቀበልነው ይህ ኪሳራ አብዛኛው በሰው እጅ የሚመለስ ነው፤ በአንድ ሰው እጅ ግን አይመለስም።

ስለዚህ ጥሪያችን ይህ ነው፦ በየመንደራችን ዶሮዎቻችንን በአንድ ቀን እናስታቅፍ፤ በአንድ ቀን እናስከትብ፤ ጫጩቶቻችንን በተራ እንጠብቅ።

ዶሮዋ ዓመቱን በምን ታሳልፋለች?

የአገራችን ዶሮ በአንድ ዙር ከ10 እስከ 15 እንቁላል ከጣለች በኋላ መታቀፍ ያምራታል። ላባዋን ትነፋለች፤ ድምጿ ይጎረንናል፤ እጅ ሲጠጋት ትቆነጥራለች፤ ከጎጆዋ አልነሳም ትላለች። እስቲ ጊዜዋን አብረን እናስላ። እንቁላሏን ጥላ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅባታል። መታቀፉ 21 ቀን ነው። ጫጩቶቿን አስከትላ የምትዞርበት ጊዜ ደግሞ ስምንት ሳምንት ገደማ ነው። ሲደመር አንድ ዙር 98 ቀን ይወስዳል። በዚህ ስሌት ዓመቱ አራት ዙር እንኳ አይሞላም። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ የምትጥልበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጊዜዋ የሚያልፈው በእናትነት ነው።

አሁን ስምንቱን ሳምንት ወደ አራት እናውርደው። አንድ ዙር 70 ቀን ይሆናል፤ ዓመቱም አምስት ዙር ይይዛል። አራት ሳምንት የሞላው ጫጩት ላባ አብቅሏል። ደረቅ ማደሪያ፣ ንጹሕ ውሃና ሽርክት በቆሎ ካገኘ፣ ከአውሬም ከተጠበቀ፣ ያለ እናቱ ይኖራል። እናቱም ቶሎ ወደ እንቁላሏ ትመለሳለች። ይህን ማድረግ የሚቻለው ግን ጫጩቱ እናቱን የሚተካ ጠባቂ ሲያገኝ ነው። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እንሰት ፍቃ፣ ገበያ ወጥታ የምትመለስ አንዲት እናት ቀኑን ሙሉ ጫጩት ጠባቂ ልትሆን አትችልም። አምስት ጎረቤታሞች ግን ይችላሉ።

«የተሻሻለ ዝርያ እያለ ስለ አገር ዶሮ ምን ያስጨንቀናል?» የሚል ይኖራል። በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የዶሮን ጉዳይ ከፍ አድርጎ ማንሳቱ መልካም ነው። የአርባ አምስት ቀን ጫጩት ገዝተው፣ መኖ ችለው ያተረፉ ቤተሰቦችም አሉ። እነሱን የምናበረታታ እንጂ የምንነቅፍ አይደለንም። ይሁን እንጂ በ2013 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታትስቲክስ የእንስሳት ናሙና ጥናት እንደሚያሳየው፣ አገሪቱ ከነበሯት 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮዎች ከመቶ 79 ያህሉ የአገር ዝርያ ነበሩ። መኖ ለመግዛት አቅም የሌላት እናት ተስፋዋ በደጇ የምትጭረው ዶሮ ናት። ይህች ዶሮ መብራት ሳትጠይቅ እንቁላል ታሞቃለች፤ ጫጩት ታሳድጋለች፤ ጭልፊት ስታይ ትጮኻለች። እንቁላል እንዲያበዙ ተመርጠው የተዳቀሉት ዝርያዎች ይህን ጠባይ በአብዛኛው አጥተውታል። ስለዚህ የአገር ዶሮን መታቀፍ እንደ ጉድለት አንቁጠረው፤ ሥርዓት እናስይዘው።

የወላይታ ዶሮ ጉዳይም ዛሬ አልተነሳም። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በያኔው ሰሜን ኦሞ ከገበሬዎች ጋር ባካሄደው የምርምር ፕሮጀክት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በወላይታ አነስተኛ የዶሮ እርባታ ላይ ብቻ ያተኮረ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። አረካ የግብርና ምርምር ማዕከል አለን፤ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2007 ተመሥርቷል። ዕውቀት አላጣንም። ያጣነው ያንን ዕውቀት በመንደር ደረጃ በአንድነት ሥራ ላይ የማዋል ልማድ ነው።

ለብቻ የማይቻለው

ከሁሉ አስቀድሞ ፈንግልን እንውሰድ። ከገበያ የተገዛች አንዲት ዶሮ ግቢ በገባች በጥቂት ቀናት ውስጥ ታኮርፋለች፤ ክንፏን ትጥላለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ አንገቷ ይጠመዘዛል። ወዲያው የጎረቤቷ ዶሮ፣ ቀጥሎ የማዶው ቤት ዶሮ ይወድቃል። በተለይ ዝናብ ሲገባ ብዙ መንደር በዚህ መልክ ዶሮ አልባ ሆኖ ያድራል። ለታመመ ዶሮ መድኃኒት የለም፤ ያለው መከላከያ ክትባት ብቻ ነው።

ክትባቱ ደግሞ በአገር ውስጥ ይመረታል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ቢሾፍቱ ላይ የሚሠራው የእንስሳት ክትባት አምራች ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባቶችን ያዘጋጃል፤ ከእነዚህም አንዱ ሙቀት የሚችለው አይ-ቱ ነው። ዓይን ውስጥ አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ልኩም ለጫጩትም ለአውራ ዶሮም አንድ ነው። ታዲያ ለምን አይደርሰንም? ምክንያቱ ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠም ለነገ አይቀመጥም። አምስት ዶሮ ያላት እናት ብልቃጡን ገዝታ የተረፈውን ልትደፋ አትችልም። የእንስሳት ጤና ባለሙያውም ለአምስት ዶሮ ብሎ ብልቃጥ አይከፍትም። ሃያ ቤት በአንድ ጠዋት ዶሮውን ከቆጥ ሳያወርድ ከጠበቀው ግን ያው ብልቃጥ ለሁሉም ይዳረሳል፤ ወጪውም ለየቤቱ የማይሰማ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ይህን ሌሎች ሠርተው አሳይተውናል። በሞዛምቢክና በታንዛኒያ መንደሮች ከመንደሩ የተመረጡና የሠለጠኑ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ በየአራት ወሩ ቤት ለቤት እየዞሩ የአይ-ቱ ጠብታ ይሰጣሉ። ባንግላዴሽ ውስጥም ብራክ የተባለው ድርጅት የመንደር ሴቶችን አሠልጥኖ የዶሮ ክትባት ሰጪ አድርጓል። እነዚህ ሴቶች ከእኛ እናቶች የተለየ ሀብት አልነበራቸውም። ነገሩን የለወጠው ቀኑን ቆርጠው በኅብረት መነሳታቸው ነው።

ሁለተኛው ጭልፊት ነው። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል እናት ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ ከእንሰቱ ጥላ ወደ ደጁ ሣር ትወጣለች። ትጭራለች፤ ጫጩቶቹ እግሯ ሥር ይሻማሉ። ድንገት ጥላ በሣሩ ላይ ሲያልፍ ረጅም ድምፅ ታሰማለች። ጫጩቶቹ ተበታትነው የእንሰቱ ኮባ ሥር ይወሸቃሉ። አንዱ ግን ሌሊት በዝናብ ርሶ ያደረ ነው፤ እግሩ ይጎተታል፤ ኋላ ይቀራል። ጭልፊቱ ወርዶ ይዞት ለመነሳት ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ጊዜ ይበቃዋል። የቤቱ እናት ምንጭ ወርዳለች፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። በማግሥቱ ጭልፊቱ በዚያው ሰዓት ይመለሳል፤ ቤቱን ለምዶታልና።

ያ ጫጩት ሁለት ጊዜ ጠባቂ አጥቷል፦ ሌሊት ደረቅ ማደሪያ፣ ጠዋት የሰው ዓይን። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሳምንታት እናትና ጫጩት አንድ ላይ በታጠረ ጥላ ሥር ቢውሉ ጭልፊት የሚያነሳው አያገኝም። አምስት ጎረቤታሞች ለዚህ አንድ የጋራ አጥር ይበቃቸዋል። ቀርቀሃ ተሰንጥቆ ይታጠራል፤ ላዩ በአሮጌ መረብ ይሸፈናል። አባያ ሐይቅ ዳር ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች የሚጥሉት የተበጣጠሰ መረብ ለዚህ አይነተኛ ነው። ጥበቃው በተራ ይሆናል፤ ዛሬ የአንዷ ቤት፣ ነገ የሌላዋ። አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘንጋ፦ ባልተከተበ መንደር ውስጥ ጫጩት ማቀላቀል በሽታ መጋበዝ ነው። ክትባቱ ይቅደም፤ አጥሩ ይከተል።

ሦስተኛው ብዙዎቻችን የማንጠቀምበት ጥቅም ነው። አምስት ዶሮዎች በአንድ ቀን ከታቀፉ በአንድ ቀን ይፈለፍላሉ። እያንዳንዷ ስምንት ስምንት ብታወጣ 40 ጫጩት ይሆናል። እነዚህን አምስቱም እናቶች ማሳደግ የለባቸውም። በፈለፈሉ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሌሊት፣ በጨለማ፣ የሁለቱን ጫጩቶች ወስዶ በሦስቱ ብርቱ እናቶች ክንፍ ሥር ማስገባት ይቻላል። እናትየው ሲነጋ ሁሉንም የራሷ አድርጋ ትጠራቸዋለች። ዕድሜያቸው እኩል ስለሆነ ትልቁ ትንሹን አይረግጥም፤ አያስርበውም። ሁለቱ ዶሮዎች ደግሞ ወዲያው ወደ እንቁላላቸው ይመለሳሉ። ይህ ትርፍ የሚገኘው ቀን ገጥሞ ሲታቀፍ ብቻ ነው።

ከማስታቀፍ እስከ መፈልፈል

አንድ ላይ መነሳታችን ፍሬ እንዲኖረው በየቤቱ የሚሠራው ሥራ ተመሳሳይና ትክክለኛ ይሁን።

የምትታቀፈዋ ዶሮ ባለፈው ዙር ጫጩቶቿን ያልጣለች፣ እንቁላሏን ያልበላች፣ ጤነኛ ዶሮ ትሁን። ከመታቀፏ በፊት ላባዋን ገላልጠን ቅማልና ቁንጫ እንፈልግ፤ አመድ በክንፏና በጭራዋ ሥር እናሽሽላት። ቅማል ያለባት ታቃፊ እያሳከካት ትነሳለች፤ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ቅማሉም ለተፈለፈለው ጫጩት ይተርፋል።

እንቁላሉ ከተጣለ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን ያላለፈው ይሁን። የተሰነጠቀ፣ በጣም ትልቅ ወይም በጣም ትንሽ የሆነ አይመረጥ። አይታጠብ። በቀዝቃዛ ቦታ፣ ጤፍ ወይም በቆሎ ውስጥ፣ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ። ለአንድ የአገር ዶሮ ከ10 እስከ 13 እንቁላል ይበቃታል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ክንፏ አይሸፍነውም።

ጎጆው ጨለም ያለ፣ ጭስና ግርግር የማይደርስበት፣ ውሻና ሸለምጥማጥ የማይገባበት ይሁን። ከሥር አመድ፣ ከላይ ደረቅ ጭድ ይነጠፍ። እንቁላሉ ወደ ማታ ይቀመጥላት፤ በጨለማ ረግታ ትቀበለዋለች። ጥሬና ውሃ አጠገቧ ይሁን። በቀን አንዴ ለሩብ ሰዓት ያህል ተነሥታ በልታና ተጸዳድታ ትመለሳለች። ምግብ ፈልጋ የምትርቅ ከሆነ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ጨርሳ ካልተነሣች ደግሞ ትጎዳለች። ባንግላዴሽ ውስጥ ለዚህ ሲባል ሃዞል የሚባል የሸክላ መታቀፊያ ይሠራል። መካከሉ ለዶሮዋና ለእንቁላሎቿ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ጠርዙ ላይ ጥሬና ውሃ የሚቀመጥባቸው ትናንሽ ጉድጓዶች አሉት። የወላይታ ሸክላ ሠሪዎች እጅ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ከእድር ትእዛዝ ቢመጣላቸው ለእነሱም አዲስ ገበያ ነው።

በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን እንፈትሽ። ቤቱ ይጨልም፤ የሞባይል መብራት ይብራ፤ እንቁላሉ በመብራቱ ላይ ይያዝ፤ በጣትና በአውራ ጣት መካከል ብርሃኑ እንዳይሾልክ ይጨበጥ። ሕይወት ያለው እንቁላል ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተበተኑ ቀያይ ሥሮችና መካከላቸው ጥቁር ነጠብጣብ ይታያሉ። ምንም ሳይታይበት ጠርቶ የሚያበራው ፍሬ የለውም፤ ይውጣ። በ14ኛው ቀን አንዴ ይደገም። ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን ማንም እጁን አያስገባ። በመንደሩ አብረን ካስታቀፍን ሌላም ጥቅም አለ፦ ከአንዷ ሥር ብዙ ባዶ እንቁላል ከወጣ፣ የቀረውን ለጎረቤቷ ዶሮ አስተላልፈን እሷን ነጻ ማድረግ እንችላለን።

ጫጩት ከወጣ በኋላ አይቸኮል። የመጀመሪያውን ቀን አስኳሉ ይመግበዋል፤ እናቱ ሥር ሆኖ ይድረቅ። ከዚያ ውሃ በዝርግ ዕቃ ይቅረብለት፤ እንዳይሰጥም ጠጠር ይጨመርበት። ሽርክት በቆሎ፣ የተገኘ እንደሆነም ምስጥ ይሰጠው። እናቱ ቀድማ እንዳትጨርስበት፣ ጫጩት ብቻ የሚሾልክበት ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ቅርጫት ተደፍቶ ከሥሩ ይቀመጥለት። ሌሊት ከሰው መኝታ የተለየ፣ ደረቅና በር ያለው ማደሪያ ይሠራላቸው፤ የዶሮ ኩስ ለሚድሁ ሕፃናት ጤና ጠንቅ ነውና።

መታቀፍ የማያስፈልጋት ዶሮ

አንዳንዷን ዶሮ እንድትታቀፍ አንፈልግም፤ ወቅቱ አልሆነም፣ ወይም ጫጩቷን ደጋግማ ትጥላለች፣ ወይም እንቁላሏ ለልጆች ይፈለጋል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ቤት ላባ በአፍንጫዋ ይሰካል፤ አንዳንዱ ቁልቁል ይሰቅላታል፤ ሌላው ውሃ ውስጥ ይነክራታል። ይህን እንተው። ያሠቃያታል፣ ያከሳታል፣ ለበሽታም ያጋልጣታል። ከዚህ የሚሻለው መንገድ ቀላል ነው። መታቀፍ እንደጀመረች፣ ሳትቆይ፣ ከሥሩ አየር በሚያስገባ፣ ጭድ በሌለውና ከመሬት ከፍ ባለ የቀርቀሃ ቅርጫት ውስጥ ብርሃን ባለበት ቦታ ትቀመጥ። ጥሬና ውሃ እንደ ልብ ታግኝ። ደረቷ ሙቀት ሲያጣ፣ የምትተኛበት ጎጆም ሲጠፋባት፣ በሦስት ወይም በአምስት ቀን ትተወዋለች፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም እንቁላል ትጀምራለች። አንድ እድር ሁለት እንዲህ ያሉ ቅርጫቶች ቢኖሩት ለመንደሩ ሁሉ ይበቃሉ።

የምንቆርጠው ቀን

ለምን ከወላይታ ዘመን መለወጫ ከጊፋታ ማግሥት? ክረምት ለጫጩት ክፉ ነው፤ ርጥበቱና ብርዱ ይገድለዋል። በመስከረም ዝናቡ ይቀንሳል፤ ቀጥሎም እህል ይደርሳል፤ ሽርክት አይታጣም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር እንዲህ እንቁረጠው።

ከጊፋታ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ይከተብ። በበዓል ሰሞን ዶሮ ከገበያ ገበያ ይጓዛል፤ በሽታውም አብሮ ይጓዛል። ክትባቱ ደግሞ ሥራውን ለመጀመር ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል።

ጥቅምት 1 ማታ እናስታቅፍ። ቀድማ መታቀፍ ያማራት ዶሮ ጥቂት ቀን በሐሰት እንቁላል ላይ ትቆይ፤ ዘግይታ የመጣችውን በሁለትና በሦስት ቀን ልዩነት እንቀበላት።

ጥቅምት 22 ጫጩቶቹ ይወጣሉ። ያን ቀን ማታ ከሁለቱ ወደ ሦስቱ እናቶች የማዘዋወሩ ሥራ ይከናወናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአጥሩ ተራ ይጀመራል። ጫጩቶቹ መቼ እንደሚከተቡ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይወስን።

ኅዳር 20 አራት ሳምንት ይሞላቸዋል፤ እናቶቹ ይለያሉ። ታኅሣሥ 18 ስምንት ሳምንት ይሞላቸዋል፤ ያን ቀን ቆጠራ ይደረግ። ከተፈለፈለው ስንቱ እንደዳነ በእድሩ መዝገብ ይጻፍ። አውራዎቹ ለፋሲካ ገበያ ይደርሳሉ፤ ቄቦቹ ለርቢ ይቀራሉ። ክትባቱ በጥርና በግንቦት ይደገም፤ የጥሩ ክትባት በተለይ ከበልግ ዝናብ በፊት ስለሚደርስ አይታለፍ።

ከቀኑ ጋር ሦስት ቃል እንግባ። የታመመ ዶሮ ገበያ አናወጣም፤ እንዲህ ያለ ሽያጭ የዛሬ ትንሽ ገንዘብ፣ የሌላው መንደር እልቂት ነው። ከገበያ የገባ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆያል። በበሽታ የሞተ ዶሮ ተቆፍሮ ይቀበራል እንጂ ለውሻ ወይም ለወንዝ አይጣልም።

«ይቀላቀልብኛል» ለምትሉ

«ጫጩቴ ከጎረቤቴ ጋር ይቀላቀላል፤ ጠብ ያመጣል» የሚል ስጋት ተገቢ ነው። መፍትሔው በመጀመሪያው ቀን ይደረግ። የየቤቱ ጫጩት በተለያየ ቀለም ክር እግሩ ላይ ላላ ተደርጎ ይታሰር፤ እግሩ ሲወፍር ክሩ በየሳምንቱ ይለወጥ። ቁጥሩ በመዝገብ ይስፈር። ጫጩቶቿ ለሌላ እናት የተሰጡባት ቤት ድርሻዋ አይነካም። ስንት እንደሞተ፣ ከማን እንደሞተ በክሩ ቀለም ይታወቃል።

ዶሮ የሌላት እናትም አትቅር። ሁለት ዶሮ ያላት አንዷን በየርቢ ትስጣት፤ ያሳደገችውን ጫጩት ይካፈሉ። ይህ ልማድ በከብትም በፍየልም ከጥንት የምናውቀው ነው።

ከማን ምን እንጠብቃለን?

የእድር ዳኞች፣ ቀኑን የምትቆርጡልን እናንተ ናችሁ። በቀጣዩ ስብሰባ ላይ ይህን አንሱ፤ አምስት አምስት ቤት አድርጋችሁ መድቡ፤ ለክትባቱ መዋጮ ሰብስቡ። ለሐዘን አንድ ላይ የሚቆም እድር ለጫጩትም መቆም አያቅተውም።

የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ በቃለ ሕይወትም በኦርቶዶክስም በካቶሊክም በሌላውም ጉባኤ፣ እሑድ ከአገልግሎት በኋላ ቀኑን አስታውቁልን። የእናቶች ኅብረቶች ከሁሉ ቀድመው ይጀምሩት።

ወጣቶች፣ ከየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆናችሁ ክትባት መስጠት ሠልጥኑ። በየጠብታው የሚከፈላችሁ ትንሽ ገንዘብ በየአራት ወሩ የሚመለስ ሥራ ይሆንላችኋል። አጥሩንና ቅርጫቱን የምትሠሩትም እናንተ ናችሁ።

የወረዳ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች፣ የልማት ሠራተኞችና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ ከእናንተ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ መንደሩ ቀን ቆርጦ ሲጠራችሁ ብልቃጡን ይዛችሁ በዚያው ቀን ተገኙ። ያን ጊዜ አንድ እንኳ ጠብታ አይደፋባችሁም።

የአረካ ምርምር ማዕከልና የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ ጥቂት መንደሮችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከእኛ ጋር ቁጠሩ። ታኅሣሥ 18 በእድሩ መዝገብ የሚሰፍረው ቁጥር ለሚቀጥለው ዓመት ሥራችን መነሻ ይሁን።

አባቶች፣ በዚህ ሥራ የሚገኘው ገንዘብ የእናቶች እንደሆነ ይቆይ። እንቁላሉም መጀመሪያ ለልጆቻችን አፍ ይድረስ፤ ከዚያ ገበያ ይውጣ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በአገር ደረጃ የተገባው የሕፃናት መቀንጨርን ለማጥፋት ነው፤ በየቤታችን የሚጀመረው ግን ለሕፃኑ በሚቀቀለው እንቁላል ነው።

ወገኖቻችን! ለዚህ ሥራ ብድር አንጠይቅም፤ መሬት አንጠይቅም። ዶሮዋ አለች፤ እንቁላሉ አለ፤ አመዱ፣ ጭዱና ቀርቀሃው አለ፤ እድሩም ቆሟል። የጎደለን የጋራ ቀን ብቻ ነበር፤ እሱም እነሆ ተቆርጧል። በመጪው የእድር ስብሰባችሁ «የእኛ ጎጥ ገብቷል» ብላችሁ አምስት አምስት ሆናችሁ ተመዝገቡ። ከጊፋታ በፊት አስከትቡ፤ ጥቅምት 1 ማታ አስታቅፉ!